ማማው ወይስ ቀፎው?

ባለፈው ክረምት ጨንቻ ስሄድ አክስቴ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ "አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ታወር ያሳምማል ይላሉ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። ማማው ከግቢዋ 100 ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን የጠየቀችኝ ግን አዲስ አበባ ካለች ልጇ ጋር ግማሽ ሰዓት በሞባይል አውርታ፣ ጆሮዋ እስኪግል ነው።

ውድ አንባብያን፣ የብዙዎቻችንም ፍርሃት እንደ አክስቴ ከሩቅ የሚታየውን ነው። እስቲ እናስላው። 20 ዋት የሚልክ፣ አንቴናው በአንድ አቅጣጫ 50 እጥፍ የሚያጎላ ማስተላለፊያ ቢኖር፣ 100 ሜትር ርቆ በቀጥታ ፊቱ ለቆመ ሰው የሚደርሰው በካሬ ሜትር 0.008 ዋት ገደማ ነው። ኢክኒርፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ ያስቀመጠው ወሰን ደግሞ 4.5 ዋት ነው። እንዲህ ያሉ 10 ማስተላለፊያዎች ቢደመሩ እንኳ የወሰኑን 50ኛ አይሞላም።

ቀፎው ጆሮ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ መለኪያው ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል ስንት ዋት ይውጣል ተብሎ ይሰላል፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ "ሳር" ይሉታል (ከብት የሚግጠው አይደለም)። ለጭንቅላት የኢክኒርፕ ወሰን በ10 ግራም አማካይ 2 ዋት በኪሎ ግራም ሲሆን የአሜሪካኖቹ በ1 ግራም አማካይ 1.6 ነው፤ አማካዩ የሚወሰድበት መጠን ስለሚለያይ ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር ስህተት ነው። በብዙ ቀፎዎች ላይ *#07# ሲመታ ቁጥሩ ይወጣል። ነገር ግን ይህ የተለካው ቀፎው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ነው፤ የዕለት ተዕለቱን አይነግረንም።

ቁም ነገሩም እዚህ ጋ ነው። የጂ.ኤስ.ኤም. ቀፎ በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት ይልካል፤ ከስምንት አንዷን ተራ ብቻ ስለሚጠቀም አማካዩ 0.25 ዋት ይሆናል። ማማው ቅርብ ከሆነ ግን "ቀንስ" ብሎ ያዘዋል፤ ቀፎውም እስከ 3 ሚሊዋት ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ ከ600 እጥፍ ይበልጣል! ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ጋራው ኔትወርኩን ሲጋርደው መኪና ውስጥ "ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?" የምንልባት ሰዓት ቀፎውም አብሮን የሚጮህባት ሰዓት ናት። እንግዲህ ማማው ከሰፈር ይራቅልን የሚል ሰው ጆሮው ላይ ያለውን ቀፎ ኃይል ጨምር እያለው ነው።

ታዲያ ይጎዳል ወይ? በእርግጠኝነት የታወቀው ጉዳት ሙቀት ነው። በመላ ሰውነት 4 ዋት በኪሎ ግራም ሲደርስ የሰውነት ሙቀት መጨመር ስለሚጀምር፣ ለሕዝብ የተፈቀደው የዚህ 50ኛ፣ ማለትም 0.08 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ሞገዱን "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" ከሚላቸው ጋር መድቦታል፤ የእሬት ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። ድርጅቱ አስጠንቶ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰፊ ግምገማ ደግሞ በሞባይልና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

አክስቴን፣ ገበያ ስትወርድ ኔትወርኩ አንድ መስመር ከሆነ ስፒከር ላይ አድርጋ ቀፎውን ከጆሮዋ እንድታርቅ ነገርኳት። "ታዲያ መንገደኛው ሁሉ ወሬዬን ይስማ?" አለችኝ። ኢርፎኔን ትቼላት ተመለስኩ።