በጥቂት ገንዘብ ኮምፒዩተር ስለ መገጣጠም

የኮምፒዩተር መገጣጠም ነገር ሲነሣ «ይህስ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ብለን የምናልፍ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ፣ የድሮ ጋዜጣ በስካን አንሥቶ የሚያነብ፣ የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ ቀድቶ የሚያጠና ተማሪ ያለ ኮምፒዩተር ሥራው አይገፋለትም። ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዋጋው ከተማሪ ኪስ ይበልጥ ርቋል። ከወር ወጪ የተቈጠበውን ብር ባልተስማማ ዕቃ ላይ ያዋለ ተማሪ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ ዕቃዎቹ እንዴት እንደሚመረጡ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

በመጀመሪያ፣ መገጣጠም የሚቻለው ለምንድን ነው? አይ.ቢ.ኤም. በፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በተገዙ ክፍሎች የተሠራና አሠራሩም ታትሞ የወጣ ስለ ነበር፣ ሌሎች ድርጅቶች ተስማሚ ክፍሎችን ለመሥራት ቻሉ። በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ ይኸውም የማዘርቦርዱን ስፋት፣ የብሎኑን ቀዳዳና የኤሌክትሪኩን መሰኪያ የሚወስን ነው። የአንዱ ፋብሪካ ኬዝ ለሌላው ፋብሪካ ማዘርቦርድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ሁሉ ከሁሉ ይስማማል ማለት አይደለም፤ ገንዘብ የሚጠፋውም ከዚህ ላይ ነው።

1ኛ/ ሥራን መወሰን። «እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባላል። ሥራችን መጻፍ፣ ማንበብና ኢንተርኔት መመልከት ከሆነ ለብቻው የሚሸጥ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገንም። ፊልም የሚያቀናብር ወይም ከባድ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የዕቃዎቹን ዝርዝር በወረቀት ጻፉ፤ በዝርዝሩም ራስ ላይ ሞኒተሩን፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ዩፒኤሱን አስቀምጡ። እነዚህ ተረስተው ኋላ ገንዘብ ሲያልቅ የሚታወሱ ናቸውና።

2ኛ/ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ። እነዚህ ሁለቱ የሚገዙት ተጠናንተው ነው፤ የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ካልገጠመ ሁለቱም ከንቱ ይሆናሉ። የኤ.ኤም.ዲ. ኤ.ኤም.4 የተባለው መቀመጫ በ2016 የወጣ ሲሆን ዲ.ዲ.አር.4 ራም ይወስዳል። በ2022 የተተካው ኤ.ኤም.5 ግን ዲ.ዲ.አር.5 ብቻ ይቀበላል። በ2021 የወጣው የኢንቴል ኤል.ጂ.ኤ.1700 እንደ ማዘርቦርዱ ዓይነት አንዱን ወይም ሌላውን ይወስዳል። ለተማሪ ሥራ ራይዘን 5 5600ጂ ወይም ኮር አይ3 12100 ይበቃል፤ ሁለቱም ምስል የሚያወጣውን ክፍል በውስጣቸው ይዘዋል። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ታሳስታለች፤ «ጂ» የሌለው 5600ና «ኤፍ» የተጨመረበት 12100 ይህ ክፍል የላቸውምና ያለ ግራፊክስ ካርድ ሞኒተሩ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም የኤ.ኤም.4 ማዘርቦርዱ ቀደም ብሎ የወጣ ከሆነ፣ ባዮሱ ለአዲሱ ፕሮሰሰር መታደሱን ሻጩን ጠይቁ።

3ኛ/ ራምና ዲስክ። 16 ጊጋባይት ራም ለሥራችን የተመቸ ነው። ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባልና፣ ምስል የሚያወጣውም ክፍል ከዚሁ ራም ስለሚበደር ልዩነቱ ይታያል። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከሎች ራምን ስለ ተሻሙ በዓለም ገበያ ዋጋው ክፉኛ ወጥቷል፤ ስለዚህ ለዲ.ዲ.አር.4 የሚሆን ማዘርቦርድ የመረጠ ሰው ያገለገለ ራም የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፣ ሳታ የሚባለው ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል፤ የሚሽከረከር ሰሌዳም ስለሌለው የተበታተነ ፋይል ለመፈለግ ጊዜ አይፈጅም። የድሮው ሃርድ ዲስክ ለጽሑፋችሁ ቅጂ ማስቀመጫ ይሁን።

4ኛ/ ፓወር ሰፕላይ። ይህ ክፍል 220 ቮልቱን ኮምፒዩተሩ ወደሚሠራበት ዝቅተኛ ቮልት የሚለውጥ ነው። በፍጥነት ምንም ስለማይጨምር ገዢው ሁሉ ከዚህ ላይ ሊቈጥብ ይወዳል። ነገር ግን ሲበላሽ ለብቻው አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንም ዲስኩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ፤ በጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ፤ በ12 ቮልት ሥር ያለውን አምፔርም በ12 አባዙት። «500 ዋት» ተብሎ በዚህ መስመር 20 አምፔር ብቻ ከያዘ፣ 20 ጊዜ 12 ያው 240 ዋት ነው። ያለ ግራፊክስ ካርድ የምንገጣጥመው ኮምፒዩተር 150 ዋት እንኳ እምብዛም ስለማይደርስ፣ ከስም የለሽ 600 እውነተኛ 400 ይበልጣል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ምዕራፍ አብሮ ይጠፋልና፣ ጽሑፉን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚያደርስ ትንሽ ዩፒኤስም እንደ ቅንጦት አይቈጠር።

5ኛ/ ያገለገለ ዕቃ። ፕሮሰሰር በቀላሉ አያረጅም፤ ያገለገለ ቢገዛ ነውር የለበትም። የኤ.ኤም.4 እግሮች ከፕሮሰሰሩ ሥር፣ የኤል.ጂ.ኤ.1700 ግን በማዘርቦርዱ መቀመጫ ውስጥ ናቸው፤ እንዳልተጣመሙ በብርሃን ተመልከቱ። ፓወር ሰፕላይና ሃርድ ዲስክ ግን በሥራ ብዛት የሚደክሙ ናቸው። ከቢሮ የወጣ ሙሉ ኮምፒዩተር የሚገዛም ሰው ዕድሜውን ይጠይቅ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ሊኑክስ ግን በእነዚያም ላይ ይሠራል፤ በነፃ ይገኛል፤ አማርኛም ይጻፍበታል።

እንግዲህ ገንዘቡ ቢያንስ ምን እንቀንስ? መጀመሪያ የኬዙን ጌጥና መብራት፤ ቀጥሎ ራሙን ወደ አንድ ባለ 8 ዝቅ አድርጎ ሁለተኛውን ቀዳዳ ለመጪው ዓመት መተው፤ ከዚያም የኤስኤስዲውን መጠን። እነዚህ ኋላ የሚጨመሩ ናቸው። ፓወር ሰፕላዩንና ዩፒኤሱን ግን አትንኩ፤ የቀረውን ዕቃና የዓመት ድካማችንን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ዝርዝሩን ለሚያውቅ ጓደኛ ሳያሳዩ ገበያ መውጣት አይገባም። ቁጥሩንና ፊደሉን አንብቦ የሚጠይቅን ተማሪ፣ የአርትስም ቢሆን፣ ነጋዴ በቀላሉ አያታልለውም።