ሁለት አፈሙዝ፣ አንድ ዒላማ

በሲቀላ የማታ ትምህርት ላይ አንድ ሽማግሌ ተማሪ ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ጎረቤቴ ከአባቱ የወረሰው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አለው። ድሮ ሁለቱም ጥይት አንድ ቦታ ይመታ ነበር። አሁን የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ይሄዳል። ‹አማቼ ድግምት አስደግሞበት ነው› ብሎ ተጣልቷል።»

«አባባ፣ ጠመንጃውን ነክቶት ነበር?» አልኳቸው።

«አዎ፣ ከበደኝ ብሎ በሰደፉ ውስጥ የነበረውን እርሳስ አውጥቶ ለዓሣ መረብ ሸጠው» አሉ።

ምክንያቱ ይኸው ነው። እንመልከተው።

በጫሞ ሐይቅ አጥማጁ ከታንኳ ወደ ዳር ሲዘል ታንኳዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች። ባዶ ከሆነች ብዙ፣ ጭነት ካለባት ጥቂት ትሸሻለች። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። ባሩዱ ጥይቱን ወደ ፊት ሲገፋ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋል። የቀለለ ጠመንጃ ትከሻን አብዝቶ ይመታል።

አሁን ደግሞ ቀንበርን አስቡ። የቀኙን ጫፍ ወደ ኋላ ብንገፋው ቀንበሩ ወደ ቀኝ ይዞራል። የቀኙ አፈሙዝ ሲተኮስም ጠመንጃው ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይዞራል። መዞር የሚጀምረው ጥይቱ ገና ሳይወጣ ነው። የግራው ሲተኮስ ወደ ግራ ይዞራል።

ሠሪው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሁለቱን አፈሙዞች በጫፋቸው በኩል በጥቂቱ ያቀራርባቸዋል። ተኩሶ ያያል፤ በመካከላቸው ያለውን ሽብልቅ ያንቀሳቅሳል፤ እንደገና ይተኩሳል። ሁለቱ ጥይቶች አንድ ቦታ ሲያርፉ ያጣብቀዋል። ልኩ ግን ለዚያ ክብደትና ለዚያ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው።

ክብደት ሲቀነስ ጠመንጃው ብዙ ይዞራል፤ ጥይቶቹም ይራራቃሉ። ክብደት ሲጨመር ጥቂት ይዞራል፤ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ያልፋል። ጥይትም ቢለወጥ ልኩ ይፈርሳል። ቀርፋፋ ጥይት በአፈሙዙ ውስጥ ስለሚቆይ ጠመንጃው አብዝቶ ይዞርበታል።

ይህ ዓይነት ጠመንጃ የተሠራው ለዝሆንና ለጎሽ አደን ነበር። አንዱ ቢስት ሁለተኛው ወዲያው እንዲደርስ ነው። 5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውም በከንቱ አይደለም። የቆሰለ ጎሽ ሲመጣ ሁለተኛው ጥይት ከሳተ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

እንግዲህ አማቹ ያደረገው ነገር የለም። ጎረቤትየው አማቹን ይቅርታ ይጠይቅ። እርሳሱን በልኩ ይመልስ፤ ጠመንጃውንም ለባለሙያ ያሳይ።

ጥያቄዎች

1. ባዶ ታንኳ ብዙ የምትሸሸው ለምንድን ነው?
2. የጠመንጃው ጥይቶች የተራራቁት በምን ምክንያት ነው?
3. በቀዬአችሁ ምክንያቱ ሳይመረመር ሰው የተወቀሰበት ነገር አለ? ተወያዩበት።