በቤት ውስጥ የኮምፒውተር ሙዚቃ ቀረጻ የሚያጋጥም ያልታሰበ የድምፅ መቀነስ፦ መንስኤውን የመለየት ሥርዓት፣ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የማሲንቆ ሙዚቃ አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በኮምፒውተር የተቀረጸ ሙዚቃ ድምፁ በድንገት ሲቀንስ ብዙዎች በቅድሚያ የሚወስዱት እርምጃ መጠኑን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ጽሑፍ ከማስተካከል በፊት መለየት እንደሚቀድም፣ የመለየቱም ሥራ «ድምፁ የቀነሰው በጥሬው ቅጂ ውስጥ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ በሚያልፍበት መንገድ ላይ?» ከሚለው ጥያቄ መጀመር እንዳለበት ያስረዳል።

1. መግቢያ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ በሩዝ ምርቱ የታወቀ ምድር ነው። የአካባቢውን ማሲንቆና ከበሮ ዛሬ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኦዲዮ ኢንተርፌስና ሁለት ማይክሮፎን ያለው ሰው በመኖሪያ ክፍሉ ሊቀርጽ ይችላል።

ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። የአዝማሪውን ድምፅ እየተከተለና እየመለሰ ስለሚሄድ፣ ለጥቂት ሴኮንድ እንኳ ቢደበዝዝ የዜማው ምልልስ ይቋረጣል። አዝማሪ ግጥሙን በቦታው የሚፈጥር በመሆኑም ያንኑ ቃል በዚያው መልክ ዳግመኛ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ በምርመራው ላይ የሚፈጸም ስሕተት ሊመለስ የማይችል ቅጂ ሊያሳጣ ይችላል።

2. በጥሬው ቅጂ ውስጥ የሚገኝ መቀነስ

የመጀመሪያው መንስኤ ርቀት ነው። በክፍት ቦታ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መጠኑ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የጀመረ ዘፋኝ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ቢያፈገፍግ የሞገዱ ቁመት በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። አዝማሪ ደግሞ ፊቱን ወደ አድማጩ እያዞረ የሚጫወት ባለሙያ ነው።

ሁለተኛው መንስኤ የኮምፒውተሩ የጫጫታ መቀነሻ ነው። ይህ አሠራር በዋናነት ለንግግር የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በነሐሴ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሲያፍን ማሲንቆው በረጅሙ የሚስበውንም ዜማ እንደ ጫጫታ ሊቆጥረው ይችላል። ከቀረጻው በፊት በርቶ ከሆነ የታፈነው ድምፅ በፋይሉ ውስጥ አይገኝም፤ ከቀረጻው በኋላ በትራኩ ላይ የተጨመረ ከሆነ ግን ማጥፋት ብቻ ይበቃል።

3. በመንገዱ ላይ የሚገኝ መቀነስ

አንደኛው የሁለት ማይክሮፎኖች አለመስማማት፣ በባለሙያዎች አነጋገር የፌዝ ችግር፣ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ማይክሮፎን ከማሲንቆው ከሌላው በ34 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁ ወደ አንድ ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሁለቱ ሲደመሩ በ500፣ በ1500 እና በ2500 ኸርዝ አካባቢ ያሉት ሞገዶች እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። እያንዳንዱ ትራክ ለብቻው ሲሰማ ሙሉ ሆኖ፣ አብረው ሲሰሙ ከሳሳ ምልክቱ ይኸው ነው። ግራና ቀኙ እርስ በርስ በተገለበጡበት ጊዜ ደግሞ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ዜማ ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ስልክ ላይ ሊጠፋ ይችላል።

ሌላው በማስተሩ ላይ የተቀመጠ ሊሚተር ነው። ከበሮው ከገደቡ በ6 ዴሲቤል ቢያልፍ ሊሚተሩ የሚጫነው ከበሮውን ብቻ ሳይሆን የተደመረውን ድምፅ ሁሉ ነው። ስለዚህ ገደቡን ያላለፈው ማሲንቆ በእያንዳንዱ ምት አብሮ ይሰጥማል። እዚህ ላይ ማሲንቆውን ከፍ ማድረግ ሊሚተሩን ይበልጥ ያሠራዋል፤ መፍትሔው ከበሮውን በራሱ ትራክ ላይ መግራት ነው።

ከሙዚቃው ፕሮግራም ውጭ የሚገኙ መንስኤዎችም አሉ። ዊንዶውስ የድምፅ ጥሪ መኖሩን ሲያውቅ የሌሎችን ፕሮግራሞች ድምፅ በ80 በመቶ የሚቀንስበት ምርጫ አለው። የብሉቱዝ ማዳመጫም ማይክሮፎኑ ሥራ ሲጀምር ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል። በእነዚህ ጊዜያት ፋይሉ ጤነኛ ነው።

4. የፍተሻው ቅደም ተከተል

ሀ. ማንኛውንም የመጠን መቆጣጠሪያ ሳይነኩ የሥራውን ቅጂ ማስቀመጥ።

ለ. ጥሬውን ትራክ ለብቻው፣ ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን አጥፍቶ ማሰማት፤ ድምፁ በሚቀንስበት ቅጽበት ጆሮን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንና የሞገዱን ሥዕል ማየት።

ሐ. ጥሬው ሙሉ ከሆነ፣ ትራኮቹንና ፕሮግራሞቹን ከትራክ ወደ ማስተር አንድ በአንድ መመለስ። መቀነሱ የተመለሰበት ደረጃ መንስኤው ያለበት ነው።

መ. ሁሉንም ወደ ሞኖ ቀይሮ መስማት፤ የሚጎድል ካለ የአንዱን ማይክሮፎን ሞገድ መገልበጥ ወይም ትራኩን በሚሊሴኮንዶች ማሸጋሸግ።

ሠ. ሥራውን ወደ ፋይል አውጥቶ በሌላ መሣሪያ ማጫወት፤ እዚያ ካልቀነሰ ችግሩ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቅንብር ነው።

ጥሬው ራሱ የቀነሰ ከሆነና ዳግመኛ መቅረጽ የማይቻል ከሆነ፣ የወረደውን ክፍል ብቻ ለይቶ ከፍ ማድረግ ይገባል። ለወደፊቱ ግን በ24 ቢት፣ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አድርጎ መቅረጽ፣ ከጣሪያው በላይ ዘልሎ የሚቆረጥን ድምፅ ይከላከላል።

5. ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው አንድ ዓይነት የሚመስለው መቀነስ መንስኤው ብዙ ነው። መጠኑን ከፍ ማድረግ የሚፈታው ከእነዚህ ጥቂቱን ብቻ ሲሆን፣ በሌሎቹ ላይ ጉዳቱን ያባብሳል። በመንገዱ ላይ የተፈጠረ መቀነስ በማንኛውም ቀን ሊታረም ይችላል፤ በጥሬው ቅጂ ውስጥ የጠፋው ግን አዝማሪው ከሄደ በኋላ አይመለስም። በመሆኑም ባለሙያው የመጀመሪያውን ደቂቃ ቅጂ አዝማሪው ገና ማሲንቆውን ሳያስቀምጥ በመለኪያና በሞኖ ሊፈትሽ ይገባል።