የሚወደውን ሥራ ፍለጋ
ጥያቄ፦ ለዓመታት በአንድ ሙያ የቆየ ሰው ትርጉም ወዳለው ሥራ ለመሻገር ከምን ይጀምራል?

መልስ፦ ያሰለቸውን ነገር ከመለየት፤ ሙያው ራሱ ነው፣ አለቃው ወይስ ደመወዙ? አለቃውን ብቻ የጠላ ሰው መሥሪያ ቤት መቀየር ይበቃዋል። ሙያው ከሆነ የያዘውን ሥራ ሳይለቅ አዲሱን መቅመስ ይችላል፦ ማስተማር የሚያምረው የሒሳብ ሠራተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪ ቢያስጠና፣ ያልገባውን ልጅ ሦስቴ ማስረዳት ደስ ይለው እንደሆነ ያውቃል። ይህ ከማንም ምክር ይበልጣል።

ለመልቀቅ ሲወስን፣ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውንም ይቀበላል። አዲሱ ቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ ሊያቆየው፣ ብቁ ካልሆነም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ስለሚችል፣ ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ አስቀድሞ መያዝ አለበት።