ሰርዶን ከማሳና ከጓሮ ስለ ማጥፋት

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። አህያይቱ ብትሞትም ሰርዶው መብቀሉን አልተወም። ሰርዶ ለከብት መልካም ግጦሽ፣ ለእርከንም ጥሩ አፈር ያዥ ነው። ወደ ጤፍ ማሳና ወደ አትክልት መደብ ሲገባ ግን የሰብሉን ውሃና ምግብ ይሻማል፤ የቤተ ሰቡንም ጉልበት ይጨርሳል።

ጠባዩን ዕወቁ። ሰርዶ በዘር፣ በመሬት ላይ በሚሳበው ሐረጉና ከመሬት በታች እንደ ገመድ በሚሄደው ግንዱ ይራባል። ብዙ ሰው ይህን የታች ግንድ ሥር ይለዋል። ነገር ግን አንጓ አለው፤ ከእያንዳንዱም አንጓ አዲስ ሰርዶ ሊበቅል ይችላል።

እኔ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ይህን ሳላመዛዝን፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ሰርዶውን በሐምሌ ዝናብ ደጋግመው እንዲያርሱት መከርሁ። ማረሻው የቆራረጠው ግንድ እርጥብ አፈር ስላገኘ አቈጠቈጠ፤ በመስከረም ማሳው ከቀድሞው ይልቅ ሰርዶ ለበሰ። እርሳቸውም «ልጄ፣ ተከልነው እንጂ አልነቀልነውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ/ በበጋ እረሱ። መኸሩ እንደ ተሰበሰበ፣ መሬቱ ሳይጠነክር እረሱ። ፀሐይና ነፋስ ያገኘው ግንድ ይደርቃል። ከ2 ሳምንት በኋላ የተቀበረው እንዲወጣ አግድም ድገሙት። በልግ ባለበት አገር ዝናቡ ሳይደርስ ጨርሱ።

2ኛ/ የወጣውን ልቀሙ። በቦይ ዳር ወይም በእርጥብ ፍግ ላይ አትጣሉት፤ አድርቃችሁ አቃጥሉት።

3ኛ/ በጓሮ አትቆራርጡት። አፈሩን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ካላላችሁ በኋላ ግንዱን እንዳለ ሳቡት። በየ2 ሳምንቱ አዲሱን ቡቃያ ንቀሉ፤ ቅጠል እንዳያበጅ የተከለከለ ግንድ ያከማቸውን ምግብ ጨርሶ ይሞታል።

4ኛ/ ጥላ አልብሱት። ሰርዶ ጥላ አይወድም፤ በጸዳው ቦታ ዱባ ወይም ስኳር ድንች ትከሉ።

5ኛ/ የእርከኑን ሰርዶ ተዉት፤ ወደ ማሳው የሚሻገረውን ሐረግ ግን ዘወትር ቁረጡ።

ስለ መድኃኒት፦ ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊ አረምን እንጂ ሰርዶን አይገድልም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ግላይፎሴት ይገድለዋል። ነገር ግን ሰብልንም ስለሚገድል ከመዝራት በፊት፣ ሰርዶው ለምልሞ ሳለ፣ በንጹሕ ውሃ ይረጫል፤ ድፍርስ ውሃ ኃይሉን ይቀንሰዋል። እስከ ታችኛው ግንድ እንዲወርድ 2 ሳምንት ያህል አትረሱ። መጠኑን በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ለኩ፤ ጓንትና ቦቲ አድርጉ፤ ባዶውን ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ ከቶ አታውሉት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ! ምክር ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ግንድ ከአፈር አውጥታችሁ አንጓውን ከገበሬው ጋር ቍጠሩ። ያን ያየ ገበሬ ሰርዶን በክረምት አያርስም። ሥራው በአንድ በጋ አያልቅም፤ በሚቀጥለው በጋም የቀረውን ተከታትሎ የነቀለ ግን ማሳውን ለሰብሉ ያስመልሳል።