ጥፋተኛው ኦሞው ነው ወይስ ጨርቁ?

ጥያቄ፦ ጥቁር ቪትዝ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ራሴ በኦሞ አጥባታለሁ። ፀሐይ ሲያርፍባት ግን የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይታየኛል። ጥፋቱ የኦሞው ነው? ፖሊሽ ባደርጋትስ ይጠፋል?

መልስ፦ ጭረቱ የጨርቁ ሥራ ነው። አቧራው በውሃ ሳይወርድ በጨርቅ ሲፈተግ አሸዋው ቀለሙን ይሞነጭራል፤ ጥቁር መኪና ደግሞ ምንም አይደብቅም። ኦሞም ንጹህ አይደለም፣ ሰሙን እየላጠ ቀለሙን ያራቁተዋል። የመኪና ሻምፖ ይግዙ።

መጀመሪያ ከጣሪያው ጀምረው ብዙ ውሃ ያውርዱባት። ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ አንዱ ለሻምፖው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። የሁለተኛውን ባልዲ ታች ሲያዩ የተጠራቀመው ደለል ያስደነግጥዎታል። ጎማውን መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ። ጥላ ሥር ይጠቡ፣ በማይክሮፋይበር ያድርቁ።

ጥፍርዎን ጭረቱ ላይ ያሳልፉ። ካልያዘው ፖሊሽ ያጠፋዋል፤ ከያዘው ግን ጥልቅ ስለሆነ ለባለሙያ ይተዉት። ፖሊሽ ቀለሙን የሚሸፍነውን ቫርኒሽ በስሱ የሚፍቅ ነው፤ የዚያ ቫርኒሽ ውፍረት ደግሞ ከአንድ ሉክ ወረቀት ያንሳል። በየወሩ ፖሊሽ የሚያስደርጉ ሰዎች ይገርሙኛል። ከፖሊሹ በኋላ ሰም ይቀቡ፤ በየሦስት ወሩ ገደማ የሚደገመው ሰሙ ብቻ ነው።