የንባብ ዝርዝር ከየት ይጀምራል?

ከማንበባችሁ በፊት፦ እስከ ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበባችኋቸውን ልብወለዶች አርእስት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ጀምራችሁ የተዋችኋቸውንም ለብቻ መዝግቡ። ይህ አያሳፍርም፤ ጀምሮ ያልተወው መጽሐፍ የሌለው አንባቢ ከቶ አይገኝም።

አንጋፋ ልብወለዶችን በዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ማንበብ የብዙ አንባብያን ልማድ ነው። ዝርዝሩን መጻፍ የአንድ ምሽት ሥራ ሲሆን ማንበቡ ግን ዓመታትን ይፈጃል። በመሆኑም አንባቢው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር የመጻሕፍቱ ብዛት ሳይሆን፣ የትኛው መጽሐፍ በመጀመሪያ ይቀመጥ የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር።

በናይሮቢ መካከል፣ በደጃፉ የአንበሳ ሐውልቶች ያሉበት የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የተከፈተው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። መታሰቢያነቱም ለዊሊያም ኖርዝረፕ ማክሚላን ሲሆን፣ ይህ ሰው በ1903 እ.ኤ.አ. የእኛን ዓባይ በጀልባ ለመውረድ ሞክሮ ጀልባዎቹ ተሰባብረውበት የተመለሰ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለብዙ ዓመታት ያገለግል የነበረው ነጮችን ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ የናይሮቢ ልጅ የንባብ ዝርዝር ቢያዘጋጅ እንኳ በከተማው መካከል ያሉትን መጻሕፍት የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። በትምህርት ቤት የሚሰጡት ልብወለዶችም ከሞላ ጎደል የእንግሊዝ ደራስያን ድርሰቶች ነበሩ።

ኬንያ ነጻ ከወጣች ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 1968 እ.ኤ.አ.፣ በናይሮቢ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩ ሦስት ሰዎች፣ ማለትም ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውዎር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል እንዲቀር የሚጠይቅ ጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳባቸው ሼክስፒር ይጣል የሚል አልነበረም። ይልቁንም አፍሪካዊው ተማሪ ከራሱ ምድር ሥነ ጽሑፍና ከአፍ ከሚነገረው ተረትና ግጥም ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም ይሂድ የሚል ነበር። መካከለኛውን ቦታ የሚይዘው የትኛው መጽሐፍ ነው ብለው መጠየቃቸው ነው። ከዚህ በኋላ ክፍሉ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ተብሎ እንደ አዲስ ተደራጀ።

ከሦስቱ አንዱ የሆነው ንጉጊ ራሱ በማንኛውም የአፍሪካ ልብወለድ ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይታጣም። በ1964 እ.ኤ.አ. የታተመው የመጀመሪያ ልብወለዱ በአማርኛ «አታልቅስ ልጄ» ሊባል ይችላል። ትምህርትን እንደ መዳኛ ተስፋ አድርጎ የሚያይ ንጆሮጌ የተባለ ልጅ፣ በ1952 እ.ኤ.አ. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቤተሰቡን ሲበትን የሚያይበት ታሪክ ነው። አጭርና ቀጥተኛ በመሆኑ ለጀማሪ ይመቻል። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው «የስንዴ ቅንጣት» ግን ሌላ ነው። ድርጊቱ የሚያተኩረው ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ከዋለው የነጻነት በዓል በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት ላይ ይሁን እንጂ ትረካው በየጊዜው ወደ ኋላ እየተመለሰ ያለፉትን ዓመታት ያነሣሣል። የመንደሩ ሰዎች ሙጎ የተባለውን ዝምተኛ ሰው እንደ ጀግና ቆጥረው በበዓሉ ላይ ንግግር እንዲያደርግ ይለምኑታል፤ ሙጎ ግን ለማንም ያልነገረው ነገር በልቡ አለ። ፍጻሜውን እዚህ መግለጥ የአንባቢውን ደስታ መቀማት ስለሚሆን እንተወዋለን። ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የባለታሪኮቹን ስምና እያንዳንዱ ድርጊት የተፈጸመበትን ዘመን በወረቀት ላይ እየመዘገበ ቢሄድ ከብዙ ድካም ይድናል።

ንጉጊ እነዚህን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ታስሮ በካሚቲ ወህኒ ቤት ሳለ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጊኩዩ፣ በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ ልብወለድ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1980 እ.ኤ.አ. ታተመ። እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 2025 እ.ኤ.አ.፣ ልብወለዶቹን የጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነበር። የእኛው ዳኛቸው ወርቁ የሄደበት መንገድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን በአማርኛ ካቀረበ በኋላ፣ «አሥራ ሦስተኛው ፀሐይ» ሊባል የሚችለውን ልብወለድ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያሳተመውም የንጉጊ መጻሕፍት በወጡበት በዚያው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት ነበር።

የአማርኛ አንባቢ ከራሱ ቋንቋ ለመጀመር ወህኒ ቤት መግባት አላስፈለገውም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም ከታተመበት ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ በቋንቋው የተጻፈ ልብወለድ አለው፤ የመጽሐፉም ስም ዛሬ የድርሰቱ ዓይነት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ይህን መነሻ በማድረግ ለዝርዝራችሁ መጀመሪያነት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንመርጣለን። መጽሐፉ ረጅም ቢሆንም ትረካው አንባቢውን እጁን ይዞ ይወስደዋል። «አደፍርስ» ግን በቃላቱና በምልልሱ ስለሚከብድ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆኖ ቢቀመጥ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ወደ ናይሮቢ፣ ቀጥሎም ወደ ቶልስቶይና ወደ ዲክንስ መሻገር ይቻላል።

መልመጃ፦ አምስት ልብወለዶች ያሉበት የራሳችሁን ዝርዝር አዘጋጁ። አንደኛ ያደረጋችሁት መጽሐፍ ለምን አንደኛ እንደ ሆነ በአንድ አንቀጽ አስረዱ። ቀጥሎም ዝርዝራችሁን ከጓደኛችሁ ዝርዝር ጋር አስተያዩና ባልተስማማችሁበት መጽሐፍ ላይ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ።